ያልተጠጣው ግማሽ

ይህ ነገር የሆነበትን አገር ስም ብጽፍ አንባቢ ካርታ ያወጣል፤ ካርታ ያወጣ ሰው ደግሞ ታሪኩን ትቶ መንገዱን መለካት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ከተማ ነበር፣ ከተማውም ጠጅ ቤቶች ነበሩት ብዬ ልለፈው። እኔ የዚያው ከተማ ሰው ነኝ። የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ትርንጎ ነው።

በእኛ አገር የጠጅ ቤት ፈቃድ ወረቀት አይደለም። ብርሌ ነው። ጠጅ ቤት መክፈት የሚሻ ሰው በዳኛ ፊት ለአንድ ጠጪ ሲቀዳ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ «ይበቃሃል» ይለዋል። ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነገረው። ጠጪው ሰምቶ ብርሌውን ካስቀመጠ፣ ሳይጠጣ የቀረው ጠጅ ከነብርሌው በሙጫ ታሽጎ ከቤቱ በር በላይ ይሰቀላል። ፈቃድ ማለት እሱ ነው። ሽማግሌዎቻችን ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ መቅዳትማ ማንም ይቀዳል፣ ፈቃድ የሚያሻው ለማስቆም ነው ይላሉ።

በልጅነቴ የጠጅ ቤቶቹ ሰፈር በማለዳ ሲታይ ያስፈራ ነበር። ፀሐይ ከኮረብታው ብቅ ስትል ከየበሩ በላይ በተሰቀሉት ብርሌዎች ውስጥ ታልፍና መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ወርቅ ታለብሰዋለች። በዚያ ብርሃን የሚያልፍ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ባርኔጣውን የሚያወልቅም ነበር። እያንዳንዱ ብርሌ አንድ ሰው መጠጣት እየቻለ የተወው ጠጅ ነው። ከተማችን ሌላ የሚታይ ነገር አልነበራትም። ቤተ መንግሥት የላትም፣ ሐውልት የላትም። ሰዎች የተዉትን ነገር ግን በየበሩ ሰቅላ ነበር።

ጥፋቶቹም የታወቁ ናቸው። በራሱ ቀልድ ብቻውን ለሚስቅ ሰው መቅዳት ጥፋት ነው። ጠጪ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ማስወጣት ጥፋት ነው። ያለጊዜው ይበቃሃል ማለት ጥፋት ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ማለትም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው በር ዘግቶ መቅዳት ነው፤ ጠጅ አላፊ አግዳሚ እያየው እንዲጠጣ በአዋጅ ተደንግጓልና። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ብርሌው ከበሩ ይወርዳል፣ ሙጫው ይሰበራል፣ ጠጁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይፈሳል። ንቦቹ ልሰው እስኪጨርሱት ድረስ በዚያ መንገድ ጋሪ አይነዳም።

ባለፈቃድ ሲሞት ደግሞ ብርሌው መቃብሩ ላይ ይፈሳል። ቤት ይወረሳል፣ ጋን ይወረሳል፣ የሰው ይበቃሃል ግን አይወረስም። ወራሹ የራሱን ማምጣት አለበት። ለዚያ የሚሰጠው ጊዜ ሟች በእጁ የጣለው የመጨረሻው ጠጅ ከጋኑ እስኪያልቅ ነው። ጋኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ቤቱ ቤት እንጂ ጠጅ ቤት አይደለም። ባለፈቃዱ በሕይወት ሳለ ማስተላለፍ ከፈለገ ግን መንገዱ ቀላል ነው ይባላል። በገዛ ቤቱ እንደ ደንበኛ ይቀመጣል፤ ወራሹ ይቀዳለታል፤ ያስቆመዋል። አለቀ።

ትርንጎ የእትዬ ውባለም የእህት ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያደገችው በእሳቸው ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ማር ስትበጠብጥና ጌሾ ስትወቅጥ ነው። ጠጇን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ መልኳን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ደንበኞች ወደሚቀመጡበት ክፍል አትወጣም። ከጓሮው በሚያስገባው በር መጋረጃ ኋላ ትቆምና ማንቆርቆሪያውን በእጇ ብቻ ታቀብላለች። ሰው መከልከል ጨርሶ አይሆንላትም። ዶሮ ማድ ቤት ስትገባ እንኳ እሽ ብሎ ማባረሩ ያሳፍራትና ጥሬ እየበተነች፣ እየለመነች ወደ ውጭ ትሸኛታለች።

እትዬ ውባለም እርጅና ሲጫናቸው ፈቃዱን በሕይወት ሳሉ ሊያስተላልፉላት ዳኛ አስጠሩ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሸጠው ጠጅ ቀምሰው የማያውቁ ናቸው። በዚያን ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው በገዛ ቤታቸው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የይበቃሃል ዳኛው አቶ ሲራክ ከጎናቸው ተቀመጡ። ትርንጎ ቀዳች። እትዬ ውባለም ቀመሱ። ደገሙና ወደ ዳኛው ዞር ብለው፣ ይቺ ልጅ ለካ እንዲህ ነው የምትጥለው አሉ። ከዚያ ብርሌያቸውን ዘረጉ። ትርንጎ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ያጎረሳት፣ ጸጉሯን የሠራት፣ ትኩሳት ሲይዛት ግንባሯ ላይ ያደረ እጅ ነው። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣና ተመለሰ። ቀዳች። ደግማ ቀዳች። እትዬ ውባለም በስተመጨረሻ በዳኛው ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዳኛ ሲራክም እንዳይነቁባቸው ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው ቆዩ። ሲነቁ ፍርዱን አነበቡ፦ ወራሿ ጠጪን ማሳለፍ የሚባለውን ጥፋት ፈጽማለች፤ ሆኖም ተበዳይዋ ደስተኛ ስለሆኑ ነገሩ በምክር ይታለፍ።

ምክሩን የሰጡት እትዬ ውባለም ራሳቸው ናቸው። ሲስቁ ሲስቁ ቆይተው፣ «እኔን አሮጊቷን ማስቆም ያቃተሽ፣ ነገ ማንን ልታስቆሚ ነው?» አሏት። እሷ አልሳቀችም። በዚያው ሰሞን አንድ ጋን ጠጅ በእጃቸው ጣሉ፤ መኸሩ ሳይገባ አረፉ። ብርሌያቸው መቃብራቸው ላይ ሲፈስ አፈሩ ለትንሽ ጊዜ ጨለም ብሎ ታየ፤ ወዲያው ደረቀ።

አሁን ትርንጎን የሚጠብቃት የመንግሥት ጠጪ ነው።

የመንግሥት ጠጪ የሚባል ሹመት በሌላ አገር መኖሩን አላውቅም። በእኛ ሕግ ባለፈቃዱ ከሞተ በኋላ ዘመድ ወዳጅ ለፈተና አይቀርብም፤ ከፍቅር የተነሣ የቆመ እጅ አይቆጠርም። ስለዚህ መንግሥት ማንንም የማይወድ፣ ማንንም የማይጠላ አንድ ጠጪ ሾሟል። ስማቸው አቶ ድልነሳው ነው። ሲሾሙ፣ ሳይበቃኝ በቃኝ አልልም፣ በቅቶኝም አልክድም ብለው ምለዋል። ሐቀኛ ሰው ናቸው። ጉቦ አይቀበሉም፣ ፊት አይተው አያደሉም። ችግሩ፣ ከተሾሙ ጀምሮ ያስቆማቸው ሰው የለም። ባለፈቃዶች እያረጁ በሞቱ ቁጥር ወራሾቻቸው ቀዱ፣ ይበቃዎታል አሉ፤ አቶ ድልነሳው ብርሌውን ጨልጠው ባዶውን አስቀመጡ። ባዶ ብርሌ አይሰቀልም። ቤቱ ይዘጋል።

የተዘጋው ቤት ሁሉ የጠጅ ቤት ፈቃድ ማመልከቻ መቀበያ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ሰፈሩ እንዲህ በጽሕፈት ቤት ተሞላ። የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ ሰዎች እግራቸው ልማዱን ይዞ ያስገባቸውና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ጸሐፊዎቹ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው ውኃ በብርሌ ያቀርቡላቸዋል። እነሱም አመስግነው ጠጥተው፣ ትንሽ ተክዘው ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት መንገዱን ወርቅ የሚያለብስ ነገር አልቀረም። በመጨረሻ ክፍት የቀረው የእትዬ ውባለም ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ከበሩ በላይ ምስማሩ ባዶውን ነው።

ከተማው ተጨነቀ። ጫማ ሰፊው ጋሽ ሽብሩ፣ ምላሱ ከመርፌው የሚፈጥን ሰው፣ ልጅቷ ትለማመድ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ተለማማጅም ራሱ ሆነ። ትርንጎ በጭንቅ ከመጋረጃው ወጥታ ቀዳችለት። ከዚያ ዓይኗን መሬት ተክላ «ይበቃ…» ከማለቷ ብርሌው ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩትም እኮ» አለችው።

«ልቤ ቀድሞ ሰማሽ፣ እኔ ምን ላድርገው?» አለ።

እንደሱ ያለው በዛ። ሰው ሁሉ ሊያለማምዳት መጣ፤ ሁሉም ገና አፏን ስትከፍት ያስቀምጣል። ከዚያም ሰው ለራሱ መለማመድ ጀመረ። ሰርግ ላይ አንዱ ከኋላ «ይበቃሃል» ሲል ሙሽራው ቃል ኪዳኑን ከመሐል አቆመ። ገበሬው በሬዎቹን ይበቃችኋል አለና ግማሽ ማሳ ሳይታረስ ዋለ። አንድ ሰሞን ከተማችን ውስጥ ምንም ነገር አልተፈጸመም ነበር ማለት ይቻላል። ትርንጎ ግን አንድ ነገር ገብቷት ነበር። የሚያስቀምጡላት ስለሚወዷት ነው፤ ይህ ደግሞ አይቆጠርም። ማታ ማታ ጋኑን በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ድምፁ ከቀን ወደ ቀን እየጎላ፣ እየራቀ ሄደ። ቤቱ ከተዘጋ እሷ የምትገባበት የላትም። ጓሮው ከቤቱ ጋር ነው፤ መጋረጃውም ከቤቱ ጋር ነው።

ፈተናው የተያዘው ረፋድ ላይ ነው። ሁለቱ የበር መዝጊያዎች ግራና ቀኝ ወለል ብለው ተከፈቱ። ውስጥ መግባት የሚፈቀደው ለሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ ከተማው ደጃፉ ላይ ቆመ። አቶ ድልነሳው መጡ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በቅርብ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ግዙፍ ይሆናሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አይደሉም። ልብሳቸው ንጹሕ፣ አካሄዳቸው የተቆጠበ፣ ዓይናቸው የጠራ ሰው ናቸው። ሲያልፉ ሰዉ ሳይነገረው ገለል አለ። ለዳኛው እጅ ነሱ፤ ለትርንጎም እጅ ነሱ፤ ተቀመጡ።

ትርንጎ ቀዳች። ጠጁ ወደ እሳቸው ሲገባ ዝናብ መሬት ውስጥ እንደሚገባ ነበር፤ ድምፅ የለው፣ ምልክት የለው። ማንቆርቆሪያው ባዶ ሲሆን ከጋኑ ትሞላለች፤ ሞልታ ትመለሳለች። የአቶ ድልነሳው ፊት አልቀላም። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቀልድ አልቀለዱም፣ ወሬ አልጀመሩም። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ሰው ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሽብሩ በሹክሹክታ፣ ሰውማ ናቸው፣ ወንዝም ግን እንደዚህ ነው አላት። ያን ጊዜ አንድም ሰው አልሳቀም። ተራራ ሥር የቆመ ሰው እንደሚያንስ ነበር ያነስነው።

ትርንጎ የሚጠበቀውን ምልክት ሁሉ ፈለገች፤ አጣች። ጋኑ ሥር ስትደርስ ማንቆርቆሪያው ሸክላውን ፋቀ። ድምፁን ዳኛው ሰሙ፤ ቀና አላሉም።

በዚህ መሐል በመንገዱ እንጨት የጫኑ በቅሎዎች መጡና ሰዉ ገለል ለማለት ወደ በሩ ተጠጋ። ደጃፉ ተደፈነ፤ ቤቱ ጨለም አለ። ትርንጎ የአቶ ድልነሳውን እጅ አየች። ብርሌው ቀስ ብሎ ወረደና ጉልበታቸው ላይ አረፈ፤ እዚያው ተረሳ። በቅሎዎቹ አለፉ። ሰዉ ተበተነ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ገባ። አቶ ድልነሳው ቀና ብለው በሩን አዩ፤ ወዲያው ብርሌውን አንስተው ያለ ወትሯቸው በችኮላ ጠጡ።

መጀመሪያ ፀሐይዋ ዓይናቸውን ወግታቸው መስሏት ነበር። ቆይቶ ጋሽ ሽብሩ ሊያይ ገፋ ብሎ በሩ መሐል ሲቆም ያው ነገር ሆነ። እጃቸው ወረደ፤ እሱ ገለል ሲል ተነሣ። ያን ጊዜ ትርንጎ በሩን የሚያዩበትን ዓይን ለየችው። ታውቀዋለች። እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰው ወደሞላበት ክፍል የምታየው እንዲሁ ነው፤ በማንኛውም ጊዜ ተገፍቶ ወደዚያ ሊወጣ እንደሚችል ሰው።

የቀረው ጠጅ አንድ ብርሌ ነበር። ቀዳችላቸው። አቶ ድልነሳው እስከ ግማሹ ጠጡ። ትርንጎ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ሄደች። ደጃፉ ላይ ወደነበርነው ቀና ብላ አየችን፤ እንዲህ ስታየን የመጀመሪያዋ ነው። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለችና ሁለቱን መዝጊያዎች ሳበቻቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያየሁት በመዝጊያዎቹ መሐል በቀረችው ስንጥቅ ነው። ዳኛ ሲራክ ብድግ ብለዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ በር ዘግቶ መቅዳት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ክፈቺው እንጂ።»

«እየቀዳሁ አይደለም» አለች። ድምፅዋ አልተሰማም ማለት ይቻላል።

ዳኛው መሬት ላይ የተቀመጠውን ማንቆርቆሪያ አዩ። ሕጉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እየሄዱበት እንደሆነ ያስታውቃል። በኋላ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ወራሾች ሁሉ ቃሉን የሚሉት ቆመው ነው። ትርንጎ ግን አቶ ድልነሳው የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ በዚያ ቤት ሁልጊዜ የሚኖር ሰው እንደሚታይ እያየቻቸው፣ «ይበቃዎታል» አለች።

ብርሌው አየር ላይ ነበር። አቶ ድልነሳው ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ዝግ ነው። ወደ እሷ ዞሩ። ተቀምጣለች። ለስንት ጊዜ እንደዚያ እንደቆዩ አላውቅም። ጋኑ ሥር የቀረው አተላ ሲፈላ፣ ያች ትንሽ የአረፋ ድምፅ ከጓሮ ድረስ ትሰማ ነበር። ከዚያ ክንዳቸው ወረደ። ብርሌው እንጨቱን ሲነካ የወጣው ድምፅ ከጣት ቋቋታ አይበልጥም፤ መንገድ ላይ የቆመው ሰው ግን ሁሉ ሰማው። እልል ያለ የለም። ጋሽ ሽብሩ የሚለው ነገር ጠፍቶት መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዳንድ ሰው አማተበ። ግማሹ ጠጅ ብርሌው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ረጋ።

ዳኛ ሲራክ ወደ ጠጪው ዞሩ። «አቶ ድልነሳው፣ በመሐላዎ ልጠይቅዎት። በእርግጥ በቅቶዎታል?»

«በቅቶኛል።»

«በሌሎቹስ ቤቶች?»

አቶ ድልነሳው አሰቡ። «በሌሎቹ ቤቶች በቅቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም» አሉ። «ይበቃዎታል ያሉኝ ሁሉ በሩን እያዩ ነው። እኔም የሰማሁት ይውጡ የሚለውን ነው። ለማይቀረው መንገድ ደግሞ ሰው የያዘውን ጨልጦ ነው የሚነሣ።»

እነዚያን ቤቶች አንድ በአንድ የዘጉት ዳኛው በገዛ ፊርማቸው ነው። በሹማምንት ፊት የማይታይ ነገር ፊታቸው ላይ አየሁ፤ በስንጥቅ ስለሆነ ያየሁት ስሙን ልጠራው አልደፍርም። ከኪሳቸው ሙጫውን አወጡ። የሚያሽጉት ብርሌ ጠፍቶ ስለኖረ ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። ትርንጎ ከማድ ቤት ፍም በገል አመጣችላቸው። እሳቸውም አጎንብሰው ሙጫውን ማሞቅ ጀመሩ፤ ነገር ግን ለመቅለጥ ጊዜ ፈጀ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አቶ ድልነሳው ከተቀመጡበት አልተነሡም። የሚጠጡት የላቸውም፣ የሚሠሩት የላቸውም። የሚፈትኑት ሌላ ቤት ስላልቀረ ሹመታቸው በዚያች ሰዓት ማብቃቱን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ዝም ብለው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ እጃቸውን ያያሉ። ትርንጎም ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ወደ መጋረጃው አልሄደችም። ሳይነጋገሩ መቀመጥ እንደዚያ ሲያምር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ፀሐይ ዘወር ስትል አቶ ድልነሳው ማንም ሳይነግራቸው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወረደ፤ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ እግራቸውን ውጭ ካደረጉ በኋላ ግን ቆሙና እንደማንኛውም ደንበኛ ዞር አሉ።

«ነገ ክፍት ነው?» አሉ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ጋኑ ካለቀ ወዲያ ብርሌው ታሽጎ ከበሩ በላይ ሳይሰቀል ደንበኛ መጥራት ጥፋት ነው፤ ብርሌው አፍ ላይ የተቀባው ሙጫ ደግሞ ገና አልደረቀም። ዳኛ ሲራክ ቀና አሉ። ትርንጎ አየቻቸው፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ የቆሙትን ሰው አየች።

«ክፍት ነው» አለች።

ዳኛው ወደ ብርሌው ተመልሰው አጎነበሱና ሙጫው ላይ እፍ አሉበት።